ጥቅማ ጥቅም ከተጨመረ በኋላ የኮሌጅ ሠራተኞች ቅሬታ ለምን ይበረታል?

ጥያቄ፦ ከ«የሰው ሀብት ባለሙያ»

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ኮሌጅ የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል ውስጥ የምሠራ ስሆን፣ ሰሞኑን የገጠመን ጉዳይ የሌሎችን ልምድና ዕውቀት የሚሻ ሆኖ ስላገኘሁት እዚህ ላቀርበው ወደድሁ። ኮሌጁ ለሠራተኞቹ የሚሰጠውን ጥቅማ ጥቅም በጀቱ በፈቀደለት መጠን አሻሽሏል። የሕክምና ሽፋኑ የትዳር ጓደኛንና ልጆችን እንዲጨምር ተደርጓል፤ የትራንስፖርት አበል ከፍ ብሏል፤ ሠራተኞችና ልጆቻቸው በኮሌጁ ውስጥ በነፃ ወይም በቅናሽ የሚማሩበት ዕድል ተከፍቷል፤ ለመምህራን የሚሰጠው የምርምርና የከፍተኛ ትምህርት ፈቃድም ተራዝሟል። አመራሩ ከዚህ በኋላ የሥራ እርካታ በግልጽ ይጨምራል ብሎ ጠብቆ ነበር። ከማሻሻያው በፊትና በኋላ በአንድ ዓይነት መጠይቅ የሰበሰብነው አስተያየት የሚያሳየው ግን አጠቃላይ አማካዩ ከነበረበት ፈቀቅ አለማለቱን ነው። ይባስ ብሎ ሠራተኞች በራሳቸው ቃል እንዲጽፉ በተተወው ቦታ ላይ የሰፈረው ቅሬታ ከቀድሞው በዝቷል፤ ይዘቱም ተለውጧል። ቀድሞ «አነሰ» ይል የነበረው አስተያየት አሁን «ለማን ተሰጠ?» ወደሚል ዞሯል።

የአስተዳደር ሠራተኞች የትምህርት ዕድሉ በወረቀት ላይ ለሁሉም ይሁን እንጂ በተግባር የሚጠቀሙበት መምህራን ናቸው ይላሉ። መምህራን በበኩላቸው የከፍተኛ ትምህርት ፈቃድ የሚያገኘው ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የቀረበ ሰው ነው የሚል ጥርጣሬ አላቸው። የላብራቶሪ ረዳቶች ከሁለቱም ወገን የማይቆጠሩ ሆነው ይሰማቸዋል፤ በኮንትራት የሚያስተምሩት ደግሞ ከቋሚዎቹ እኩል ክፍለ ጊዜ እየያዙ የሕክምና ሽፋን የላቸውም። አመራሩ አሁን የሚያስበው አበሉን ዳግመኛ ስለ መጨመር ነው። እኔ ግን ገንዘቡ ቢጨመር እንኳ የሚለወጥ ነገር መኖሩን እጠራጠራለሁ። ችግሩ የመጠን ነው ወይስ የፍትሐዊነት? ፍትሐዊነት ከሆነስ፣ ማን ምን እንደሚያገኝ በይፋ መግለጽ ቅሬታውን ያበርደዋል ወይስ ያባብሰዋል?

መልስ፦ ከ«የድርጅት ባሕርይ መምህር»

የተከበሩ ጠያቂ፣ ያጋጠመዎት ነገር በዘርፉ ጥናት ውስጥ ረጅም ታሪክ ያለው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሳሙኤል ስቱፈርና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ጦር ሠራዊት ውስጥ ባካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1949 በታተመው ጥናት፣ የማዕረግ ዕድገት በብዛት ይሰጥበት በነበረው የአየር ክፍል የሚያገለግሉ ወታደሮች፣ ዕድገት እምብዛም ከማይገኝበት ከወታደራዊ ፖሊስ አባላት ይልቅ በዕድገት አሰጣጡ ቅር የተሰኙ ሆነው ተገኝተዋል። ምክንያቱ ሲታይ ግልጽ ነው፤ ማንም በማያድግበት ቦታ ያላደገ ሰው ራሱን የሚያነጻጽርበት የለውም፣ ብዙዎች በሚያድጉበት ቦታ ግን ያላደገው ሰው «እኔስ ምን ጎደለኝ?» ማለቱ አይቀርም። የእርስዎ ኮሌጅም ቀድሞ ለማንም ያልነበረን ነገር ለአንዳንዶች ሲከፍት፣ ላልደረሳቸው ሰዎች አዲስ መለኪያ አብሮ ሰጥቷቸዋል።

ይህን በሥርዓት ያብራራው ጆን ስቴሲ አዳምስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1963 እና በ1965 ባሳተማቸው ጽሑፎች ሠራተኛ የሚያገኘውን ነገር ለብቻው እንደማይመዝን አስረድቷል። የሚመዝነው የሰጠውን፣ ማለትም ድካሙን፣ ትምህርቱን፣ ልምዱንና ጊዜውን፣ ካገኘው ጋር አስተያይቶ፣ ያንኑ ሚዛን ደግሞ ከሌላ ሰው ሚዛን ጋር አነጻጽሮ ነው። ኮሌጅን ከብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ የማነጻጸሪያው ሰው አንድ አይደለም። መምህሩ አንድ ጊዜ በሌላ ኮሌጅ ያለውን የሙያ ጓደኛውን፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ አጠገቡ ያለውን ባልደረባውን ይመለከታል። የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ የምታየው በዲኑ ቢሮ የምትሠራዋን ጸሐፊ ነው። የላብራቶሪ ረዳቱ ተማሪውን ቆሞ የሚያሠለጥነው እርሱ ስለሆነ ራሱን ከመምህሩ ጋር ያስተያያል፤ በመዋቅሩ ላይ ግን የተመደበው ከአስተዳደር ሠራተኞች ጋር ነው። ስለዚህ ጥቅሙን ለሁሉም በአንድ መጠን ከፍ ማድረግ በመካከላቸው ያለውን ርቀት እንዳለ ይተወዋል።

ይህ ማለት ግን ሁሉም ፍትሐዊነት አንድ ዓይነት ነው ማለት አይደለም፤ ለእርስዎ የሚጠቅመውም ልዩነቱ ነው ብዬ አምናለሁ። ሮበርት ፎልገርና ሜሪ ኮኖቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1989 በደመወዝ ጭማሪ ውሳኔዎች ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ ሠራተኞች በጭማሪው መጠን መርካታቸው ይበልጥ የተያያዘው ከክፍፍሉ ፍትሐዊነት ጋር ሲሆን፣ ለድርጅቱ ያላቸው ታማኝነትና በአለቃቸው ላይ ያላቸው እምነት ግን ይበልጥ የተያያዘው ከአሠራሩ ፍትሐዊነት ጋር ሆኖ ተገኝቷል። የድርሻውን ማነስ የተረዳ ሰው በድርሻው ቅር ይሰኛል፤ ውሳኔው የተሰጠበትን መንገድ ያላመነ ሰው ግን በተቋሙ ተስፋ ይቆርጣል። የመምህራኑ ጥርጣሬ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው።

አሠራር መቼ ፍትሐዊ ሆኖ እንደሚታይ ጀራልድ ሌቬንታል እ.ኤ.አ. በ1980 ስድስት መለኪያዎችን አስቀምጧል። እነርሱን በጥቅሉ ከመዘርዘር በእርስዎ የከፍተኛ ትምህርት ፈቃድ ላይ ላሳያቸው። መስፈርቱ አምና ለአንዱ የአገልግሎት ዘመን፣ ዘንድሮ ለሌላው የምርምር ብዛት ከሆነ ወጥነት የለውም። የሚወስነው የትምህርት ክፍል ኃላፊ ራሱ አመልካች ከሆነ ወይም የአመልካቹ የምርምር ተባባሪ ከሆነ ከአድልዎ የጸዳ ሊባል አይችልም። ኮሚቴው የሚያየው የአፈጻጸም ምዘና ሁሉም ሰው ተመሳሳይ ከፍተኛ ነጥብ ያገኘበት ከሆነ መረጃው ትክክለኛ አይደለም። የተከለከለው ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ ካላገኘና ይግባኝ የሚልበት ሌላ አካል ከሌለ ስሕተት አይታረምም። በኮሚቴው ውስጥ ጀማሪ መምህራን ካልተወከሉ የእነርሱ ጉዳይ የሚታየው በነባሮቹ ዓይን ብቻ ነው። የመጨረሻው መለኪያ የሥነ ምግባር ሲሆን፣ ከሌሎቹ የተለየ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ከልምዴ እንደማየው ኮሌጆች ብዙውን ጊዜ የሚወድቁት በይግባኙ ላይ ነው፤ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ይኖራል፣ ነገር ግን አባላቱ ውሳኔውን ከሰጡት ሰዎች ጋር አንድ ይሆናሉ።

ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር ልጨምር። ቲሞቲ ጀጅና ባልደረቦቹ የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ አጠናቅረው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ሥራ፣ በደመወዝ መጠንና በሥራ እርካታ መካከል ያለው ተዛምዶ (0 ምንም፣ 1 ሙሉ ተዛምዶ በሆነበት መለኪያ) 0.15 አካባቢ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ተዛምዶው አለ፣ ነገር ግን ደካማ ነው። ፍሬድሪክ ኸርዝበርግም እ.ኤ.አ. በ1959 ደመወዝና የሥራ ሁኔታ ሲጎድሉ ያስከፋሉ እንጂ ሲሟሉ በራሳቸው አያረኩም ብሎ ነበር። ይህን የእርሱን ክፍፍል አለቆች «ገንዘብ አያረካምና አንጨምርም» ለማለት ሲጠቀሙበት ስለማይ ሳልወድ ነው የምጠቅሰው፤ ዘዴውም ቢሆን ሰው መልካሙን ለራሱ፣ ክፉውን ለመሥሪያ ቤቱ ይሰጣል በሚል ብዙ ተተችቷል።

መልስ፦ ከ«ሬጅስትራር ቢሮ»

የመምህሩን ማብራሪያ በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ በአብዛኛውም እስማማለሁ። ይሁን እንጂ ነገሩ በሙሉ ወደ አሠራርና ወደ ኮሚቴ አወቃቀር እንዳይጠቀለል እሰጋለሁ፤ እኛ የአስተዳደር ሠራተኞች የምናነሣው ጉዳይ ከዚያ ቀለል ያለና የበለጠ ግልጽ ነውና። የተፈቀደ ጥቅም ሁሉ ሊጠቀሙበት የሚቻል ጥቅም አይደለም።

የትምህርት ዕድሉን ልውሰድ። መመሪያው «ማንኛውም ቋሚ ሠራተኛ» ይላል። ትምህርቱ የሚሰጠው ግን በሥራ ሰዓት ነው። መምህር የማስተማሪያ ክፍለ ጊዜውን አመቻችቶ ሊማር ይችላል፤ የሬጅስትራር ወይም የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ግን ከመስኮቱ ከተነሣ ወረፋው ይቆማል። ስለዚህ ፈቃዱ የሚወሰነው በቅርብ አለቃው በጎ ፈቃድ ነው፤ አለቃውም ቢሆን ምትክ ሠራተኛ ካልተመደበለት ቢከለክል የሚፈረድበት አይደለም። የዓመት ፈቃድም እንዲሁ ነው፤ በምዝገባና በፈተና ውጤት ማስገቢያ ወቅት እኛ ፈቃድ መውጣት የተከለከልን ሲሆን፣ ይህ ወቅት ሲያልፍ ደግሞ የተጠራቀመው ሥራ ይጠብቀናል። በወረቀት ላይ እኩል የሆነ ጥቅም በሥራው ጠባይ ምክንያት እኩል ሳይሆን ሲቀር፣ የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ፍትሕ ተሰማኝ የሚል ሰው አይኖርም።

ስለዚህ ጠያቂው አንድ ሥራ ከሁሉ አስቀድመው እንዲሠሩ እመክራለሁ። እያንዳንዱን ጥቅም ማን እንደተፈቀደለት ሳይሆን ማን እንደተጠቀመበት በሥራ መደብ፣ በጾታና በቅጥር ዓይነት ለይተው ያውጡት። ያመለከቱት ስንት፣ የተፈቀደላቸው ስንት፣ ጀምረው ያቋረጡት ስንት እንደሆኑ ለየብቻ ይታይ። ከአስተዳደር ሠራተኞች መካከል ያመለከተ ሰው ከሌለ «ፍላጎት የለም» ተብሎ እንዳይደመደም አደራ እላለሁ፤ ሰው እንደማይፈቀድለት የሚያውቀውን ነገር አይጠይቅም። መፍትሔውም ብዙ ጊዜ አዲስ በጀት አይጠይቅም፤ ኮርሱን በማታ ወይም በቅዳሜና እሑድ መክፈት፣ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ለትምህርት እንዲለቀቅ በመመሪያ መደንገግ፣ ተራውንም በክፍሉ ውስጥ በግልጽ ማውጣት ይበቃል።

የኮንትራት መምህራንን ጉዳይ በተመለከተ የመርሕ ጥያቄም አለበት። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው የትርፍ ጊዜ ሥራ (ከሙሉ የሥራ ሰዓት ባነሰ ሰዓት የሚሠራ ሥራ) ስምምነት፣ በትርፍ ጊዜ የሚሠሩ ሰዎች መሠረታዊ ደመወዛቸው በሰዓት ሲሰላ በትርፍ ጊዜ በመሥራታቸው ብቻ ከሙሉ ጊዜ ሠራተኛው እንዳያንስ ያዛል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1997 ስለ ከፍተኛ ትምህርት መምህራን ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ፣ በመደበኛነት በትርፍ ጊዜ የሚያስተምሩ ሰዎች ተመጣጣኝ ክፍያና ተመሳሳይ መሠረታዊ የሥራ ሁኔታ እንዲኖራቸው፣ ክፍያ ያለው ዕረፍትና የሕመም ፈቃድ የማግኘት መብትም ለእነርሱ እንዲደርስ ይመክራል። በእርስዎ ኮሌጅ ያሉት ደግሞ እንደገለጹት ሙሉ ክፍለ ጊዜ የሚይዙ ናቸው። ውላቸው በየሴሚስተሩ እየታደሰ ለዓመታት የሚያስተምሩ ሰዎችን «ጊዜያዊ» ብሎ ከሕክምና ሽፋን ማስወጣት በየትኛውም የፍትሐዊነት መለኪያ የሚያስኬድ አይመስለኝም።

መልስ፦ ከ«የቀድሞ ቅሬታ ሰሚ»

ይፋ ማድረግን ስለሚመለከተው ጥያቄ አንድ ሐሳብ ልሰንዝር። ዴቪድ ካርድ፣ አሌክሳንደር ማስ፣ ኤንሪኮ ሞሬቲና ኢማኑኤል ሳዝ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች ላይ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናት ለእርስዎ ጉዳይ እጅግ የቀረበ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ በአንድ ጋዜጣ ድረ ገጽ ላይ በስም የሚገኝ ሲሆን፣ አጥኚዎቹ በዕጣ ለመረጧቸው ሠራተኞች ብቻ ይህ ድረ ገጽ መኖሩን አሳወቁ፤ ከዚያም የሁሉንም እርካታ ጠየቁ። በክፍላቸውና በሙያ መደባቸው ከመካከለኛው በታች የሚከፈላቸው ሰዎች መረጃውን ካወቁ በኋላ በደመወዛቸውም በሥራቸውም ያላቸው እርካታ ቀነሰ፤ ሌላ ሥራ የመፈለግ ሐሳባቸውም ጨመረ። ከመካከለኛው በላይ በሚከፈላቸው ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ይፋ ማውጣት የሚያስከፋው ሰው አለ፣ በዚያው ልክ የሚያስደስተው ሰው ግን የለም ማለት ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ይደበቅ» ማለት ይቀላል፤ ብዙ አመራሮችም ይህን መስማት ይወዳሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በኮሌጅ ውስጥ ምሥጢር የሚቆየው በወረቀት ላይ ብቻ ነው፤ ማን ምን እንዳገኘ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ በወሬ ይታወቃል፣ ወሬው ደግሞ ሁልጊዜ ያጋንናል። ከጥናቱ የምወስደው ትምህርት ቁጥርን ያለ ምክንያት ማውጣት እንደሚጎዳ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ይፋ መሆን ያለበት መስፈርቱና ነጥብ አሰጣጡ ነው፤ ቀጥሎ በመስፈርቱ መሠረት ስንት ሰው እንዳመለከተና ለስንቱ እንደተፈቀደ ይገለጽ፤ የየግለሰቡ ውጤት ግን ከነምክንያቱ ለራሱ ለግለሰቡ በጽሑፍ ይሰጥ። የሕክምና ነክ ጥቅሞች ዝርዝር በምንም ምክንያት በስም መውጣት የለበትም።

ማብራሪያ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ጀራልድ ግሪንበርግ እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተመው ጥናት ያሳያል። አንድ ድርጅት በሁለት ፋብሪካዎቹ ለአሥር ሳምንት ያህል ደመወዝ በ15 በመቶ ሲቀንስ፣ በአንደኛው ፋብሪካ ኃላፊው ሠራተኞቹን ሰብስቦ ምክንያቱን በማስረጃ አስረዳ፣ ለጥያቄዎቻቸውም መልስ ሰጠ፣ ይቅርታም ጠየቀ፤ በሁለተኛው ግን በአጭሩ ተነግሯቸው ተበተኑ። የንብረት መጥፋት በሁለቱም ጨመረ፤ በቂ ማብራሪያ ባልተሰጠበት ፋብሪካ ግን ጭማሪው እጅግ የከፋ ነበር፤ ሥራ የለቀቁትም የበዙት እዚያው ነው። የተቀነሰው ገንዘብ በሁለቱም አንድ ዓይነት እንደነበር ልብ ይሏል።

በመጨረሻም የሕክምና ሽፋኑን በተመለከተ፣ ያላገባና ልጅ የሌለው ሠራተኛ ከማሻሻያው ያገኘው ነገር እንደሌለ አልተነሣም። አሊሰን ባርበርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት የመስክ ጥናት፣ ሠራተኞች ከቀረቡላቸው ጥቅሞች እንዲመርጡ ሲደረግ በጥቅማ ጥቅሙ ያላቸው እርካታም ስለ እርሱ ያላቸው ግንዛቤም ጨምሯል። ለአነስተኛ ኮሌጅ ሰፊ ምርጫ ማቅረብ በአስተዳደር ረገድ ይከብዳል፤ ነገር ግን በሁለት ወይም በሦስት አማራጮች መካከል ማስመረጥ የሚያቅት አይመስለኝም።

ጠያቂው፦ ከ«የሰው ሀብት ባለሙያ»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ማን እንደተጠቀመ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ማዘጋጀት ጀምሬአለሁ፤ በኮንትራት መምህራን ጉዳይ ላይም ለአመራሩ የማቀርበውን ጽሑፍ እያረቀቅሁ ነው። የቀረኝ የመጠይቁ ጉዳይ ነው። የተጠቀምንበት «በአጠቃላይ በሥራዎ ምን ያህል ረክተዋል?» የሚል ዓይነት ጥቂት ጥያቄዎች ያሉት ነበር። ይህ ለውጡን እንዳናይ አድርጎን ይሆን?

መልስ፦ ከ«የድርጅት ባሕርይ መምህር»

አዎን፣ በእኔ አስተያየት አድርጓል። አጠቃላይ እርካታን የሚለካ ጥያቄ ብዙ ነገሮችን በአንድነት ስለሚይዝ፣ አንድ ሰው በጥቅማ ጥቅሙ ቢከፋም ማስተማሩን ወይም ባልደረቦቹን ስለሚወድ ከፍተኛ ነጥብ ሊሰጥ ይችላል። ኸርበርት ሄኔማንና ዶናልድ ሽዋብ እ.ኤ.አ. በ1985 ያዘጋጁት መለኪያ በክፍያ መርካትን ራሱን በአራት ይከፍለዋል፤ እነርሱም የደመወዙ መጠን፣ ጭማሪው፣ ጥቅማ ጥቅሙ፣ እንዲሁም የደመወዝ መዋቅሩና አስተዳደሩ ናቸው። ፖል ስፔክተር በዚያው ዓመት ያሳተመው የሥራ እርካታ መጠይቅም ከዘጠኝ ዘርፎቹ አንዱን ለጥቅማ ጥቅም ብቻ ሰጥቶታል። ከእነዚህ አንዱን ለኮሌጃችሁ አስማምታችሁ ብትጠቀሙበት፣ በእርሱም ላይ ስለ ውሳኔ አሰጣጡና ስለሚሰጠው ማብራሪያ የተለዩ ጥያቄዎች ብትጨምሩ የችግሩ መነሻ ይለይላችኋል።

ከሁሉ በላይ ግን አጠቃላዩን አማካይ ይተዉት። የሕክምና ሽፋኑ የደረሳቸው ሰዎች እርካታ ከፍ ሲል ያልደረሳቸው ዝቅ ቢል አማካዩ ባለበት ይቆማል፤ በእናንተም ዘንድ የሆነው ይኸው ነው ብዬ እገምታለሁ። ውጤቱን በሥራ መደብና በቅጥር ዓይነት ለይታችሁ ብታዩት ይህ ወዲያውኑ ይገለጣል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አራት ወይም አምስት ሰዎች ብቻ ባሉበት የትምህርት ክፍል ውጤቱን ለይቶ ማውጣት ማን ምን እንዳለ ማጋለጥ ስለሚሆን፣ ትንንሾቹን ክፍሎች ከተመሳሳይ ክፍሎች ጋር አጣምሩ፤ ይህንንም መጠይቁ ከመበተኑ በፊት በጽሑፍ አስታውቁ። መጠይቁን የሚሰበስበው የቅርብ አለቃው ከሆነ ሠራተኛው የሚመልሰው አለቃው መስማት የሚወደውን ነው። ውጤቱም ለአመራሩ በቀረበበት ሳምንት ለሠራተኞቹ ይነገራቸው፤ ባለፈው ጊዜ የሞሉት ቅጽ የት እንደገባ ያልተነገራቸው ሰዎች የሚቀጥለውን ባይሞሉት ልንወቅሳቸው አንችልም።